ልጅዎ ለኮሌጅ ደረጃ ሳይንስ ደርሶ እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ

ሰኔ ላይ የዓመቱ ካርድ እንደተሰጠ ወላጆች የሚያነሡልኝ አንድ ጥያቄ አለ። ልጁ ከክፍሉ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ወጥቷል፤ የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ሳይንስ ቀልሎታል፤ ትምህርት ቤቱ የውጭ አገር የቅድመ ዩኒቨርሲቲ መርሐ ግብሮች ወደሆኑት ወደ ኤ ሌቨል፣ ወደ አይቢ ወይም ወደ ኤፒ ክፍል እንዲገባ ሐሳብ አቅርቧል፣ አለዚያም ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አጎት «የፍሬሽማኑን ፊዚክስ ከአሁኑ ይጀምር» ብሎ መክሯል። እናትና አባት ከእኔ የሚጠብቁት «ይችላል» ወይም «አይችልም» የሚል አንድ ቃል ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ሳስጠና በቆየሁባቸው ዓመታት ካርድ ብቻ አይቼ ይህን ቃል ተናግሬ የተጸጸትኩባቸው ጊዜያት ስላሉ፣ ዛሬ ለማንም ወላጅ እንዲህ አልመልስም። ቤት ውስጥ፣ በአራት ሳምንት ገደማ፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ሊደረግ የሚችል ፍተሻ አለ፤ ከዚህ በታች የማስረዳው እርሱን ነው።

ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት ካርዱን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ካርድ የራሱ ዋጋ አለው፤ ልጁ የቤት ሥራውን በጊዜው እንደሚሠራ፣ ደብተሩን በሥርዓት እንደሚይዝ፣ ፈተና ሲመጣ እንደሚዘጋጅ ይመሰክራል፣ እነዚህም ለኮሌጅ ትምህርት የሚያስፈልጉ ልማዶች ናቸው። ነገር ግን ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ስናስታውስ፣ የቀሩትም ከክፍል ክፍል በካርድ እየተመሰከረላቸው እዚያ የደረሱ ልጆች እንደነበሩ ልብ ስንል፣ የክፍል ውጤት ስለ ምን እንደሚናገርና ስለ ምን ዝም እንደሚል ግልጽ ይሆናል። መምህሩ ካጻፈው ማስታወሻ የወጣ ጥያቄን ሸምድዶ 95 ያመጣ ልጅና ነገሩ ገብቶት 95 ያመጣ ልጅ ካርዳቸው ላይ አይለዩም። የሚለዩት ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁት ጥያቄ ፊት ሲቀመጡ ነው። ዕድሜም ቢሆን ብዙ አይነግረንም፤ በ14 ዓመቷ ዝግጁ የነበረች ልጅ አስጠንቻለሁ፣ በ17 ዓመታቸው ጥቂት ጊዜ የሚያስፈልጋቸውም ብዙ አይቻለሁ።

«የኮሌጅ ደረጃ» የሚለው ስያሜ ምን እንደሚሸከም ማወቅም ተገቢ ነው። ኤፒ የአሜሪካው ኮሌጅ ቦርድ የሚመራው መርሐ ግብር ሲሆን አንዱ ትምህርት በዚያ አገር የመጀመሪያ ዓመት የኮሌጅ ኮርስ የሚያህል ይዘት አለው፣ መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ፈተናም ከ1 እስከ 5 ይመዘናል። አይቢ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ በከፍተኛው እርከን ለሚወሰድ አንድ ትምህርት 240 ሰዓት፣ በመደበኛው እርከን ለሚወሰደው 150 ሰዓት ይመደብለታል። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በተመለሰው የፍሬሽማን ፕሮግራም ጄኔራል ፊዚክስ በአንድ ሴሚስተር ተጀምሮ ያልቃል። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ፍጥነታቸውና ተማሪው ለራሱ የሚተው መሆኑ ነው። ማስታወሻ የሚያጽፍ መምህር አይኖርም፤ ተማሪው ምዕራፉን አስቀድሞ አንብቦ ይገባል፤ አንዱ ርዕስ በደንብ ሳይዋሃደው ሌላው ይጀመራል። ስለዚህ የምንፈትሸው ልጁ አሁን ምን ያህል ሳይንስ እንደሚያውቅ ብቻ መሆን የለበትም፤ በማያውቀው ነገር ፊት ብቻውን ሲቀመጥ ምን እንደሚያደርግ ማየት ይኖርብናል።

ከሒሳቡ ይጀመር

የሳይንስ ኮርስ ከብዷቸው ወደ እኔ ከመጡ ተማሪዎች ውስጥ አብዛኞቹ የተሰናከሉት ሒሳቡ ላይ ነው። ሀ ሁ እየቆጠረ የሚያነብ ሰው የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን እንደሚረሳ ሁሉ፣ ቀመር ለመገልበጥ የሚታገል ልጅም ፊዚክሱ ምን ይል እንደነበር መሀል ላይ ይጠፋዋል። ሒሳቡን ማወቁ ብቻ አይበቃም፤ ሳይታሰብ የሚፈስ መሆን አለበት።

ይህን ለማየት አሥር ጥያቄዎችን በአንድ ወረቀት ላይ አዘጋጅተው፣ ካልኩሌተር ሳይፈቅዱ፣ ለግማሽ ሰዓት ያስቀምጡት። እኔ የምሰጣቸው እንደዚህ ያሉ ናቸው፦ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ በሰከንድ ስንት ሜትር ይሄዳል? የአንድ ኩብ ጎን በእጥፍ ቢያድግ ይዘቱ ስንት እጥፍ ይሆናል? ፒኤች 3 የሆነ ፈሳሽ ፒኤች 5 ከሆነው ስንት ጊዜ ይበልጥ አሲድ ነው? የርቀትና የጊዜ ግራፍ ላይ የመስመሩ ስሎፕ ምንን ይነግረናል? ከስኩዌር ሩት ሥር ያለን ፊደል ብቻውን እንዴት ታወጣዋለህ? መልሶቹ በቅደም ተከተል 10፣ ስምንት እጥፍ፣ 100 ጊዜ እና ፍጥነት ናቸው፤ የመጨረሻው የእኩልታውን ሁለት ወገን ስኩዌር ከማድረግ ይጀምራል። በእኔ ልምድ ከአሥሩ ስምንቱን ብዙ ሳይሰርዝና ሳይደልዝ የሚሠራ ልጅ በሒሳብ በኩል አያሰጋም። አምስትና ስድስት የሚሠራ ልጅ ክረምቱን አልጀብራ ላይ ቢያሳልፍ ይሻለዋል። ወረቀቱን ሲያርሙ ከመልሱ ይልቅ እጁን ያስተውሉ፤ የት ላይ ቆመ? ያን ክፍል ለምን ሁለት ጊዜ አጠፋው?

የሚመረጠው ትምህርትም ልዩነት ያመጣል። ኤፒ ፊዚክስ 1 በአልጀብራ የሚሠራ ሲሆን ፊዚክስ ሲ የሚባለው ካልኩለስ ይጠይቃል፤ ካልኩለስ ያልጀመረን ልጅ ሁለተኛው ላይ ማስቀመጥ በሁለት የውጭ ቋንቋ በአንድ ጊዜ እንዲያወራ ማስገደድ ነው። ባዮሎጂ ደግሞ ሒሳቡ ስለሚቀንስ ቀላል ነው ተብሎ ለመጀመሪያ ይመረጣል፤ ይሁን እንጂ የኮሌጅ ባዮሎጂ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ስለ ሞለኪውሎች የሚናገር በመሆኑ፣ ኬሚስትሪ በቅጡ ያልተማረ ልጅ እዚያም ይቸገራል።

በእንግሊዝኛ አንብቦ በአማርኛ ያስረዳ

ሁለተኛው ፍተሻ ለእኛ ልጆች ከሁሉም በላይ ወሳኝ ነው ብዬ አምናለሁ። በአዲስ አበባ የሚማር ልጅ ሳይንስን በእንግሊዝኛ ያነባል፣ ቤት ውስጥ በአማርኛ ያስባል፣ ፈተናውን መልሶ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። በእነዚህ ሦስቱ መካከል ቃል ብቻ የሚያመላልስ ልጅ አለ፤ ሐሳቡን ራሱን የሚያሻግርም አለ። የመጀመሪያው 12ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ሊያልፍ ይችላል፤ ከአንደኛ ዓመት የኮሌጅ መጽሐፍ ጋር ብቻውን ሲፋጠጥ ግን ይጋለጣል።

የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ከሚያሰራጫቸው የኦፕንስታክስ መጻሕፍት ውስጥ ልጁ ገና ያልተማረውን ክፍል ይምረጡና አሥር ገጽ ያህሉን ኮፒ ቤት ያሳትሙ። ወረቀቱ ላይ ማንበቡ ይሻላል፤ ስልክ ላይ የሚያነብ ልጅ ሌላ ነገር ይጠራዋል። ሁለት ምሽት ብቻውን እንዲያነብ ይስጡት፤ በሦስተኛው ምሽት ወረቀቱን ዘግቶ ለአያቱ ወይም ለታናሽ እኅቱ በአማርኛ እንዲያስረዳ ይጠይቁት። እርስዎ ሳይንሱን ባያውቁት እንኳ ማዳመጥ ብቻውን ብዙ ይነግርዎታል።

የሚደመጠውን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በዕለት ተዕለት አማርኛችን «ኃይል» እና «ጉልበት» የሚሉት ቃላት ፎርስን፣ ኢነርጂንና ፓወርን እንዳስፈለገ ይሸፍናሉ፤ «ክብደት» የሚለውም ማስንና ዌትን አጣምሮ ይይዛል። ለኑሯችን ይህ ችግር የለውም፣ ለፊዚክስ ግን ሁሉም ለየብቻቸው የሚቆሙ ነገሮች ናቸው። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ኢነርጂ ምን እንደሆነ ለአባቱ እንዲያስረዳ ስጠይቀው «አባዬ፣ ኢነርጂ ማለት አቢሊቲ ቱ ዱ ወርክ ማለት ነው» አለ። አባትየው ትንሽ ጠብቀው «እሺ፣ ወርክስ?» ሲሉት ልጁ ወደ እኔ ዞረ። በሌላ ቀን አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ያንኑ ርዕስ ለእናቷ ስታስረዳ እንዲህ አለች፦ «እማዬ፣ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘሽ አራተኛ ፎቅ ትወጪ የለ? በአምስት ደቂቃ ብትወጪም በሁለት ደቂቃ ብትወጪም ጀሪካኑን እላይ ለማድረስ ያስፈለገው ኢነርጂ አንድ ነው። በሁለት ደቂቃ ስትወጪ የሚበልጠው ፓወሩ ነው፤ ለዚያ ነው እንደዚያ የሚያለከልክሽ።» መጽሐፉ ውስጥ ጀሪካንም ኮንዶሚኒየምም አልነበረም። ልጅቷ ያነበበችውን ወስዳ ራሷ በምታውቀው ደረጃ ላይ አውጥታዋለች፤ ለኮሌጅ መጽሐፍ የሚያስፈልገው ንባብ ይህ ነው።

ልጁ መሀል ላይ «ይህን ግን አልገባኝም» ብሎ ቢያቆም እንደ ድክመት አይቁጠሩበት። ያልገባውን ነጥሎ ማወቁ ራሱ ከምንፈልጋቸው ምልክቶች አንዱ ነው። የሚያሳስበው ምንም ሳይደናቀፍ፣ በእንግሊዝኛ ቃላት ላይ የአማርኛ ማሰሪያ እየጨመረ፣ እስከ መጨረሻው የሚወርደው ልጅ ነው።

የፈላ ውኃ

ሦስተኛው ፍተሻ ወጥ ቤት ውስጥ ይካሄዳል፤ ከሁሉም ይልቅ የምተማመነውም በእርሱ ነው። የሚያስፈልገው ቢያንስ እስከ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚለካ የቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ነው። ከትምህርት ቤት መዋስ ይቻላል፤ የቤተ ሙከራ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችም አሏቸው። ለትኩሳት የምንጠቀምበት ቴርሞሜትር ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም፤ የሚለካው እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ፈልቶ ባለ ውኃ ውስጥ ይሰበራል። ልጁ ብረት ድስት ውስጥ ውኃ ጥዶ፣ ክዳኑን ሳይከድን፣ ቴርሞሜትሩ የድስቱን ታች እንዳይነካ ይዞ፣ ውኃው ከተንተከተከ በኋላ በየግማሽ ደቂቃው የሚያየውን ቁጥር አምስት ጊዜ ይጻፍ። ትልቅ ሰው አጠገቡ ይኑር፤ ስለሚጠበቀው ቁጥር ግን አንድም ቃል አይናገር።

ሁላችንም ውኃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ተምረናል። ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ጠለል ባለው የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት ውኃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ንፍሮ እዚህ ከድሬዳዋ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ይህን ሙከራ ቤታችን ውስጥ የሚሠራ ልጅ ሁሉ መጽሐፉ ከሚለው የተለየ ቁጥር ያጋጥመዋል፤ እኛም የምንጠብቀው ያን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ነው።

ሁለት ወረቀቶች እስከ ዛሬ አሉኝ። አንደኛው ላይ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ 100፣ 100፣ 100፣ 100፣ 100 ተብሎ ተጽፏል። የጻፈው ልጅ በዚያ ሴሚስተር በኬሚስትሪ 97 አምጥቶ ነበር። ሁለተኛው ወረቀት የተዝረከረከ ነው፦ 91.5፣ 92፣ ከዚያ 100 ተጽፎ ተሰርዟል፣ እንደገና 92፣ 92፣ 92። ከሥሩ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል?» ይላል። ከዚያ በሌላ ቀለም «በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ ከተትኩት፣ 0.5 አለ። ደህና ነው።» በመጨረሻም «ታዲያ መጽሐፉ ለምን 100 አለ?» ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ይህች ልጅ በካርዷ ከክፍሏ ሰባተኛ ነበረች። ለእናቷ «ደርሳለች» ብዬ የነገርኳቸው ያን የመጨረሻ መስመር እንዳነበብኩ ነው።

ስለ መጀመሪያው ልጅ አንድ ነገር መናገር ይኖርብኛል፤ ብዙ ወላጆች እንዲህ ያለውን ወረቀት ሲያዩ «ዋሸ» ብለው ይቆጣሉ። ልጁ ለማታለል አልፈለገም። ትክክለኛው መልስ መጽሐፉ ውስጥ እንዳለ፣ የእርሱም ሥራ እርሱን ማድረስ እንደሆነ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲማር ኖሯል፤ ዓይኑ 92ን አይቶ እጁ 100 የጻፈው ለዚህ ነው። እኛ መምህራን ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት «100» የሚለውን ብቻ ትክክል እያልን ስናርም ስለኖርን የጥፋቱ ትልቁ ድርሻ የእኛ ነው። ልጁ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በርካታ ነገሮችን በገዛ እጁ ለክቶ፣ ያየውን መጻፍ ተምሯል። እስኪማር ድረስ ግን የኮሌጅ ቤተ ሙከራ ባይገባ መልካም ነበር።

ሁለተኛ ሙከራ ካስፈለገ ክርና ጓጉንቸር ይበቃል። ጓጉንቸሩ አንድ ሜትር በሚሆን ክር ላይ ታስሮ በትንሹ ሲወዛወዝ፣ ሃያ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ 40 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ከዚህም የመሬት ስበት አክሰለሬሽን ሲሰላ ከ9.8 ጥቂት ያነሰ ቁጥር ይገኛል። አብዛኞቹ ልጆች ጓጉንቸሩን ሲለቁት «አንድ» ብለው መቁጠር ስለሚጀምሩ አሥራ ዘጠኙን ሃያ ብለው ይቆጥሩና 10.8 የሚያህል ቁጥር ያገኛሉ። የስልኩን ሰዓት፣ የክሩን ልክ፣ በመጨረሻም የራሱን አቆጣጠር እየመረመረ ስህተቱን የሚፈልግ ልጅ ካለዎት ተመስገን ይበሉ።

ዝንባሌው ወደ ባዮሎጂ ለሆነ ልጅ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ጥሩ ቦታ ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት የድንቅነሽ አጽም ቅጂ ፊት አቁመው «በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር በምን አወቁ?» ብለው ይጠይቁት። መግለጫውን አንብቦ የሚመልስ ልጅ ደህና ነው፤ የዳሌዋ አጥንት አጭርና ሰፊ መሆኑን፣ የጭኗ አጥንትም ወደ ጉልበቷ ሲወርድ ወደ ውስጥ ማዘንበሉን አይቶ የራሱን እግር የሚመለከት ልጅ ግን ማስረጃና መግለጫ የተለያዩ መሆናቸው ገብቶታል።

ሁለተኛው ሳምንት

ሦስቱ ፍተሻዎች መልካም ከሆኑ የሚቀረው የሦስት ሳምንት እውነተኛ ሙከራ ነው። ከኮሌጅ መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይመረጥ፤ በሳምንት ስድስት ሰዓት ይመደብለት፤ ቀንና ሰዓቱን ልጁ ራሱ ይወስን፤ በምዕራፉ መጨረሻ ካሉት ጥያቄዎች ቢያንስ ሃያውን ይሥራ። ቤት ውስጥ ቦታ ከጠበበ ወይም ጫጫታ ካለ፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ሆነ ወመዘክር ለመሀል ከተማ ልጅ ቅርብ ናቸው። ከእርስዎ የሚፈለገው ከባድ ነገር ነው፤ «አጠናህ ወይ?» ብለው አለመጠየቅ። ሰዓቱን የሚያስታውሰው ወላጅ ከሆነ የምንለካው የወላጅን ትጋት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት አዲስ ስለሆነ ሁሉም ይተጋበታል። በሁለተኛው ሳምንት ግን የትምህርት ቤቱ የቤት ሥራ ይደራረባል፣ ዘመድ ይመጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ያልፋል፤ ምዕራፉም በዚያው ላይ ይከብዳል። ልጁ ያጣውን ሰዓት በሌላ ቀን ይተካል ወይስ ይተወዋል? ጥያቄ አልወጣ ሲለው ስንት ደቂቃ ይታገላል? ወዲያውኑ መልሱን ስልኩ ላይ የሚፈልግ ልጅና ሃያ ደቂቃ ሞክሮ፣ ሥዕል ስሎ፣ ከዚያ የሚጠይቅ ልጅ የኮሌጁ ኮርስ ላይ አንድ ዕጣ አይገጥማቸውም። አጠያየቁም ይለያል። «ቲቸር፣ አልገባኝም» የሚለው አንድ ነው፤ «ቲቸር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ለምን ለሁለት ተካፈለ?» የሚለው ሌላ ነው። ከሁለተኛው ጥያቄ በስተኋላ በብቸኝነት የተሠራ ሥራ አለ።

በእነዚህ ሳምንታት እንቅልፉንም ይከታተሉ። እኩለ ሌሊት አልፎ እየተኛ፣ ጠዋት እየተነጫነጨ ምዕራፉን የሚጨርስ ልጅ አእምሮው ቢደርስም ሳምንቱ አልደረሰም፤ ከሌላ ነገር ላይ ሰዓት ሳይቀነስለት ኮርሱን መጨመር አይገባም። የኮርሱን ሐሳብ ያመጣው ማን እንደሆነም በግልጽ ይነጋገሩበት። ጎረቤት ያለው ልጅ ስለጀመረ ወይም እርስዎ ሐኪም ሳይሆኑ ስለቀሩ የሚጀመር ኮርስ ሸክሙን የሚሸከመው ልጁ ነው። ብቻውን ባለበት ሰዓት «ኮርሱ ቢቀር ይከፋሃል?» ብለው ይጠይቁት፣ ለመልሱም ጊዜ ይስጡት።

ትምህርት ቤቱን መጠየቅ

ልጁ ዝግጁ ቢሆንም የሚገባበት ክፍል ዝግጁ ላይሆን ይችላል። ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ቤተ ሙከራውን ለማየት ይጠይቁ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለፈው ዓመት የተማሩ ልጆች የጻፉትን የቤተ ሙከራ ደብተር ያሳዩዎት። የኤፒ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ትምህርቶች ከጊዜያቸው ቢያንስ 25 በመቶውን ለተግባር ሙከራ እንዲሰጡ ይጠበቃል። ደብተሮቹ ባዶ ከሆኑ፣ ወይም የሁሉም ልጆች ቁጥሮች አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ የፈላውን ውኃ ያስታውሱ። ትምህርቱን የሚሰጠው መምህር ማን እንደሆነ፣ ልጁ በስድስተኛው ሳምንት ቢከብደው ወደ መደበኛው ክፍል ያለ ቅጣት መመለስ ይችል እንደሆነም አስቀድመው ይወቁ።

የመጨረሻው ጥያቄ ወዴት ያደርሰዋል የሚለው ነው። ውጭ አገር ለመማር ያሰበ ልጅ የኤፒ ወይም የኤ ሌቨል ውጤት ሊጠቅመው ይችላል፤ ውጤቱን እንዴት እንደሚቀበለው ግን የሚወስነው እያንዳንዱ ኮሌጅ ነው። እዚሁ ለመማር ያሰበ ልጅ ግን መንገዱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። በ12ኛ ክፍል ዓመት ላይ ሌላ ከባድ ኮርስ መደረብን እኔ አልመክርም። ዝግጁ የሆነ ልጅ 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል ላይ ቢጀምር ይሻለዋል፤ በ12ኛ ክፍል ግን ፊቱ ያለው ፈተና ይበቃዋል።

ገና ከሆነ

ፍተሻው «ገና ነው» ካለ ለልጁ የሚነገርበት መንገድ ያስጨንቀኛል፤ ምክንያቱም ቀለም የሚዘልቀው እየተባለ ያደገ ልጅ ይህን ቃል «አትችልም» ብሎ ነው የሚሰማው። ስለዚህ አጠቃላይ ፍርድ አይስጡት፤ የተገኘውን አንድ ነገር ነጥለው ያሳዩት። «አልጀብራው ያዘገይሃል»፣ «ያነበብከውን በራስህ ምሳሌ ማስረዳት ይቀርሃል»፣ «ያየኸውን ከመጻፍ ይልቅ የሚጠበቀውን ትጽፋለህ»። ሦስቱም መድኃኒት አላቸው፣ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ለመጀመሪያው አንድ ክረምት በየቀኑ አርባ ደቂቃ ልምምድ ይበቃል፤ የካን አካዳሚ ነፃ ትምህርቶች ለዚህ ምቹ ናቸው። ለሁለተኛው በየሳምንቱ አንድ ምሽት ለቤተሰቡ አንድ ነገር የሚያስረዳበት ልማድ ይጀመር፤ እራት ከተበላ በኋላ፣ ቡና እየተፈላ። ሦስተኛው ረዘም ይላል፦ ወጥ ቤቱን፣ ግቢውን፣ የዝናቡን መጠን፣ የጥላውን ርዝመት እየለካ፣ ያየውን ሳያሳምር የሚጽፍበት ደብተር ይኑረው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ያወጣቸው የፌት ሲሙሌሽኖች ለመረዳት ይረዳሉ፤ ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩ ሁልጊዜ ንጹሕ ቁጥር ስለሚሰጥ ደብተሩን አይተኩም።

ከስድስት ወር ወይም ከአንድ ዓመት በኋላ ያንኑ ፍተሻ በሌላ ምዕራፍ ይድገሙት። የመጀመሪያውን ወረቀትና ደብተር ቀን ጽፈው ያስቀምጡ፤ ሁለተኛው ሲያልቅ ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው ከልጁ ጋር አብረው ያንብቡ፣ ኮርሱ ይጀመር ወይስ ይቆይ የሚለውም እዚያው፣ እርሱ በተቀመጠበት ይወሰን።